ቅጠሉ ምን በደለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህ ጽሑፍ በጊዜው ልመልሰው ሲገባኝ ዝም ብዬ ላሳለፍሁት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄው የቀረበልኝ እዚሁ ቁይ፣ የእሑድ መርሐ ግብራችን ተፈጽሞ ገና ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ሳንወጣ ነው። ጠያቂው ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ፣ ከበሮ ሲይዝ እጁ የማይሳሳት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የመጣ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ቢያነበው ራሱን ያውቃል። በዕለቱ ስለ ሱስ ትምህርት ተሰጥቶ ነበር። «ካናቢስን ከመርዝ ቈጥራችሁ ታስተምራላችሁ፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ምን በደለ?» አለኝ። ቀጥሎም አባቶቻችን ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በላሊበላ ያጨሱት እንደ ነበር ተጽፏል፣ ደግሞም አእምሮን ይከፍታል እንጂ አይዘጋም ብሎ ጨመረ። አጠገባችን የቆሙ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እሱን የቀመሰ ሁሉ ያብዳል» አሉት። ልጁም በትሕትና ፈገግ ብሎ፣ «አባቴ፣ እኔ ሁለት ዓመት አጭሻለሁ፤ አብጃለሁ?» አላቸው።

እሳቸውም ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ። እርሱ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ተሳልሞ ወጣ።

ስለዚህ ከእርሱ በፊት ራሳችንን ልውቀስ። ይህን ቅጠል የነካ ሁሉ ያብዳል ብለን ስናስተምር ከእውነት የተቈረጠ ቁራጭ ይዘን ነው። ጠንካራውን ዓይነት በየዕለቱ የሚያጨስ፣ በተለይም ገና በለጋነቱ የጀመረና በቤተ ዘመዱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ ለጽኑ የአእምሮ መታወክ የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። ከሚያጨሱት የሚበዙት ግን አያብዱም። ወጣቱ ይህን በዐይኑ ያያል፤ በዶርሙ አብሮት የሚያድረው ጓደኛው አጭሶ፣ ተኝቶ፣ በማግሥቱ ክፍል ይገባል። ያን ጊዜ፣ «በዚህ ከዋሹኝ በሌላውም ዋሽተውኛል» ብሎ ይደመድማል፤ ጾሙንም ጸሎቱንም ከዚያው ላይ ደምሮ ይጥለዋል። ስንት ልጅ በዚህ መንገድ አጣን? ሐሰትን ለበጎ ብንናገረውም ሐሰት ነው፤ አባቱም ማን እንደ ሆነ በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ተጽፏል።

ወንድሜ ሆይ፣ አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አላበድህም፤ ተቀብዬሃለሁ። ግን ያልጠየቅኸውን ልጠይቅህ፤ መንገድህን ታውቀዋለህን? በምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ በእግር ስለሚሄዱበት መንገድ ነው የምጠይቅህ።

የደጋ ልጅ ነህ። በስድስት በሰባት ዓመትህ ከብት ስትከተል ማንም ካርታ አልሰጠህም። በሐምሌ ጉሙ ከጮቄ በኩል ወርዶ መስኩን ሲውጠው፣ ጥጃ ጠፍቶብህ ስትፈልግ፣ ወንዙ ከየት በኩል እንደሚጮኽ፣ የባሕር ዛፉ አጥር ከጀርባህ ይሁን ከፊትህ፣ ቤታችሁ ወደየት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ማን ነገረህ? ማንም። በእግርህ የረገጥኸው ሁሉ በውስጥህ ተሥሎ ነበር። በማታውቀው አቋራጭ እንኳ ብትገባ አቅጣጫው አይጠፋህም ነበር፤ ምክንያቱም በልብህ የያዝኸው የአንድ መንገድ ትዝታ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ሥዕል ነው።

የቆሎ ተማሪውንም ተመልከተው። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከዲማ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ መምህር ካለበት እስከ ሌላ መምህር አገር ለአገር ይዞራል። በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል የትኛው ደጅ ውሻ እንዳለበት፣ የትኛው መሻገሪያ በክረምት እንደማይደፈር፣ የትኛዋ እናት ቁራሽ እንደማታጣ በልቡ ይዟል። ጽሑፍ የለውም፤ ዳዊቱንም፣ ቅኔውንም፣ ጎዳናውንም የሚያኖረው በአንድ ጎተራ ነው። በአንድ ጎተራ ማለቴን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዘመናችን የአንጎል ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ኤድዋርድ ቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ አይጦች በተወሳሰበ መተላለፊያ ሲሄዱ የሚማሩት የቀኝና የግራ መታጠፊያ ብቻ እንዳልሆነ፣ በውስጣቸው የቦታውን ካርታ እንደሚሠሩ ጻፈ። ጆን ኦኪፍ በ1971 ከባልደረባው ጋር በአይጥ አንጎል ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደረስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት አገኘ፤ አንዱ ሕዋስ በጥጉ፣ ሌላው በበሩ አጠገብ፣ ሌላው በመካከል ይነቃል። ባልና ሚስት የነበሩት ኖርዌያውያን ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ደግሞ በ2005 ርቀትንና አቅጣጫን እንደ መረብ የሚለኩ ሕዋሳትን አገኙ። ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። የቦታ ሕዋሳቱ የሚገኙበት የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል፤ ቅርጹ የባሕር ፈረስ ከምትባለው ትንሽ ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል በግሪክ ቋንቋ የወጣለት ስም ነው። በለንደን ከተማ የታክሲ ነጂነት ፈቃድ ለማግኘት ሃያ አምስት ሺህ ያህል ጎዳናዎችን በቃል ማጥናት ግድ ነው፤ ኤሌኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ በ2000 የእነዚህን ነጂዎች አንጎል ቢመረምሩ፣ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። የእኛን የቆሎ ተማሪ አንጎል የመረመረ ቢኖር ምን ባገኘ ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

እንግዲህ ቅጠሉ የሚገባው በዚህ ቤት ነው። በካናቢስ ውስጥ ያለውን አስካሪ ንጥረ ነገር፣ በምሕጻር ቲ.ኤች.ሲ. የሚባለውን፣ ለይተው ያወጡት ራፋኤል ሜሹላምና ዬሒኤል ጋኦኒ በ1964 ነው። ይህ ንጥረ ነገር በአንጎል ሕዋሳት ላይ የሚያርፍበት የተለየ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩም እጅግ በዝቶ ከሚገኝባቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ሂፖካምፐስ ነው። ተቀባዩ እዚያ የተቀመጠው ለጋንጃ ተብሎ አይደለም። በ1992 እንደ ታወቀው ሰውነታችን ራሱ በጥቂቱ የሚያመነጨው፣ በዚያ በር የሚገባ የራሱ ንጥረ ነገር አለው፤ በልክ ይወጣል፣ ሥራውን ሠርቶ ወዲያው ይፈርሳል። ፈጣሪ የሕዋሳቱን ንግግር በሹክሹክታ እንዲቃና አድርጎ አበጀው። የሚያጨስ ሰው በዚያች ጠባብ በር ጎርፍ ይለቅባታል። አእምሮን ይከፍታል ማለትህ በሩ ተሰብሮ ሲከፈት አይተህ ከሆነ፣ አዎን፣ ተከፍቷል።

በውስጡ የሚሆነውን አንተ በቀላሉ ትረዳዋለህ፤ የከበሮ ሰው ነህና። ዴቪድ ሮብና ጂዮርጂ ቡዛኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2009 ባወጧቸው ጥናቶች፣ ለአይጦች የካናቢስን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ሰጥተው የሂፖካምፐስ ሕዋሳትን አደመጡ። እያንዳንዱ ሕዋስ አልሞተም፤ ዝምም አላለም፤ የቦታ ሕዋሱም በቦታው መንቃቱን አላቆመም። የጠፋው የእርስ በርስ ስምምነታቸው ነው። ጊዜ የሚጠብቀው ማዕበል ደከመ፣ ሕዋሳቱም ከምቱ ወጡ፤ አይጦቹም ቀድሞ በደንብ የሚሠሩትን የማስታወስ ሥራ ሳቱት። ወረብ ላይ መቋሚያው ሳይጠፋ፣ ጽናጽሉ ሳይሰበር፣ ከበሮውም ሳይቀደድ ሁሉ በየራሱ ጊዜ ቢመታ ምን ይሆናል? ድምፅ ሞልቷል፤ ዜማ ግን የለም። አንተም «እኔ ደኅና ነኝ» ስትል እውነትህን ነው፤ እያንዳንዱ መዘምር ደኅና ነው።

ይህ የአይጥ ነገር ነው ትለኛለህ። እሺ፣ የሰው ይሁን። በእስራኤል አቪቭ ዋይንስታይንና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዘወትር የሚያጨሱ ሰዎች በኮምፒውተር የተሠራ መተላለፊያ ውስጥ መንገዳቸውን እንዲያገኙ ተደረገ። ቲ.ኤች.ሲ. በወሰዱ ጊዜ ካልወሰዱበት ጊዜ ይልቅ ከግድግዳው ጋር ይጋጩ ነበር። ይህ ግን የስካሩ ሰዓት ነው። ስካሩ ካለፈ በኋላስ? በአሜሪካ ጄኒፈር ስናይደርና ባልደረቦቿ በ2013 ለብዙ ጊዜ አብዝተው ያጨሱ ሰዎች በኮምፒውተር በተሠራ ኩሬ ውስጥ የተሰወረ መቆሚያ እንዲፈልጉ አድርገው አንጎላቸውን በኤም.አር.አይ. ተመለከቱ፤ ቦታን ለማወቅ በሚሠራው፣ ከሂፖካምፐስ ጎን ባለው ክፍል፣ ከማያጨሱት ያነሰ እንቅስቃሴ ታየባቸው። በአውስትራሊያም ሙራት ዩጄልና ባልደረቦቹ በ2008፣ በቀን ከአምስት ጥቅል በላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ያጨሱ 15 ወንዶችን መርምረው ሂፖካምፐሳቸው ከሌሎቹ 12 በመቶ ያህል አንሶ አገኙት።

ቅድም ያጋነነውን ሰው ወቅሼአለሁና እኔም አላጋንንም። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ከሚያጨሰው ሰው ጋር የሚመጣ ሌላም ነገር፣ አረቄው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጭንቀቱ፣ ከውጤቱ ጋር ይደባለቃል፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው በዚህ ይከራከራሉ። አንድ ቀን ያጨሰ ሰው ቤቱን ያጣል የሚል አንድም የለም። ግን የአይጡም፣ የስካሩ ሰዓትም፣ የብዙ ዓመቱም ምስክርነት ጣቱን ወደ አንድ ስፍራ ይቀስራል። በሕግም ሦስት ምስክር የቆመበት ነገር ቀላል አይደለም።

ያንተ ትውልድ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። «ስልኬ መንገዱን ይነግረኛል፤ ለምን እደክማለሁ?» በቁይ ይህ መልስ ለመንገዱም አይበቃም፤ ስልኩ ስሙን የማያውቀው ገደልና መሻገሪያ ብዙ ነውና። ይሁንና ክርክሬ በዚህ አይቆምም። ያ ጎተራ የጎዳና ብቻ አይደለም ብዬሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ ሲባል ከሁለቱም ወገን አብዛኛው ሂፖካምፐሱ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘውን ሰው፣ የሰማውን ወሬ፣ የበላውን ምሳ ሊይዘው አልቻለም፤ ሐኪሞቹ በየዕለቱ አዲስ እንግዳ ነበሩለት። ዕለታችንን የምናኖርበትና ቦታችንን የምንሥልበት ጎተራ ጎረቤታሞች አይደሉም፤ አንድ ቤት ናቸው።

ለዚህም ነው ቤተ ክርስቲያናችን ቦታን መምህር አድርጋ የምታስተምረው። ገና ሕፃን ሳለህ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ የቱ እንደ ሆነ፣ ወንዶች በየት በኩል ሴቶች በየት በኩል እንደሚቆሙ፣ ፊትህን ለጸሎት ወደ ምሥራቅ እንድትመልስ በእግርህ ተማርህ። ዛሬ ዐይንህን ጨፍነህ ቅዳሴውን ብታስበው፣ ዲያቆኑ የቆመበት ቦታ ከቃሉ ጋር ይመጣልሃል። ማኅሌት የቆመ ሰው ዜማውን የሚያስታውሰው ከቆመበት ጥግ ጋር ነው። የአንዱ ሲደበዝዝ የሌላው አይቀርም። ይህን ያልሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ «አእምሮን ይከፍታል» የሚለው ቃል የተጫነበትን ሸክም ላሳይህ ነው።

በዚህ ነገር የእኛም ሰፈር ንጹሕ አይደለም። በጎጃምም በሌላውም የአብነት ትምህርት ቤት አብሾ የሚባል ነገር ስሙ ያልተሰማበት የለም። ከአስተናግር ፍሬ ይሠራል የሚባለውን ይህን መጠጥ፣ የጠጣው ተማሪ የሰማውን ሁሉ አይረሳም፣ ትምህርት ይገልጥለታል እየተባለ ስንቱ ጠጥቶታል። ስንቱስ ጠጥቶ ልቡ ተነክቶ በየአደባባዩ ቀርቷል። አንዳንዱ ዕፀ ፋርስ የሚለውን ስም ለዚህም ለሐሺሽም ስለሚሰጥ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ አለ፤ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ወሬያቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም «ይከፍታል» ተብሎላቸዋል። በአስተናግር ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ይህን ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ለምን እንደሚጠቀሙበት ታውቃለህ? እንስሳት የተማሩትን እንዲረሱ ለማድረግ ነው፤ የመርሳት በሽታን መድኃኒት የሚፈትኑት በእርሱ አስረስተው ነው። አባቶቻችን የቅኔ ሊቃውንት የሆኑት በአብሾ ሳይሆን አብሾን ባለመጠጣት፣ ሌሊት በመነሣት፣ የተቀጸሉትን ደጋግሞ በማውጣት በማውረድ ነው። የጠጡት ሊቃውንት ከመሆናቸው በፊት ጠፉ፤ ሙት ግን ስለማይመሰክር ወሬው እስከ ዛሬ ኖረ።

አሁን «በላሊበላ» ወዳልኸው ልምጣ፤ ይህ ወሬ ብዙ ወጣት ሲያታልል አይቻለሁና። ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ላሊበላ የሚባል ዋሻ ተቈፍሮ የሸክላ ማጨሻ ራሶች ተገኝተዋል፤ ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ የተባለ ተመራማሪ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ በውስጣቸው የካናቢስ ቅሪት መኖሩን አሳይቷል፤ ዘመናቸውም በካርቦን ልኬት እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ይጠጋል ተብሏል። ነገር ግን ልብ በል፤ ይህ ዋሻ በበጌምድር በጣና ሐይቅ አካባቢ ያለ ዋሻ ነው። የላስታው ቅዱስ ላሊበላ፣ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ከዚህ ማጨሻ ጋር የስም እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም። የስም መመሳሰልን ይዞ ቅዱሱን ንጉሥ ከጋንጃ ጋር ማዋሰብ ስንፍና ነው፤ አውቆ የሚያደርገው ካለም ድፍረት ነው።

ያ የሸክላ ራስ የሚመሰክረው በዚያ ዘመን በዚያ ዋሻ አንድ ሰው ማጨሱን ነው። ማን እንደ ነበር፣ ምን ያምን እንደ ነበር፣ ጎረቤቶቹ ምን ይሉት እንደ ነበር ሸክላው አይናገርም። በአባቶቻችን ዘመን ባሪያ ፈንጋይም ነበረ፤ ጠንቋይም ነበረ፤ ጥንታዊ መሆን ብቻውን ቅርስ አያደርግም። ቤተ ክርስቲያን ለጢስ ያላትን ልብ ማወቅ ከፈለግህ ትንባሆን እንዴት እንዳየችው ጠይቅ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትንባሆ ማጨስ በጽኑ ቅጣት የተከለከለ ነበር። ቅጣቱን አላወድስም። ግን ትንባሆን እንዲህ ያየ ሕዝብ ጋንጃን በመቅደሱ ያጥን ነበር ብሎ ማመን የሚቻለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የጋንጃ ሃይማኖታዊ ክብር የመጣው ከዚህ አገር ዋሻ ሳይሆን ባሕር ተሻግሮ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በሻሸመኔ ርስት ከሰጧቸው በኋላ ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን በዚያ ተቀመጡ። ኢትዮጵያን ከባርነት ጨለማ ውስጥ ሆነው የወደዱ ሕዝብ ናቸውና በስድብ የሚነሣባቸውን አልወድም። ግን የእነርሱ ልማድ የእኛ ትውፊት አይደለም። ራስ ተፈሪያውያን ቅጠሉን እንደ ቅዱስ ነገር መያዝ የጀመሩት በጃማይካ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ1970 በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን አባት ወደዚያ ስትልክ ወንጌልንና ጥምቀትን ይዘው ሄዱ፤ ጋንጃን ግን ወደ ቅዳሴ አላስገቡም። ፊቱ በጢስ ተሸፍኖ በየካናቴራው የምታየው ቦብ ማርሌ ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1980 በእኚሁ አባት እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በ1981 ሲያርፍም ጸሎተ ፍትሐት የተደረገለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው። ካናቴራውን የለበሰ ወጣት ይህን ታሪክ አያውቀውም፤ ጢሱን ይዞ ጥምቀቱን ጥሎለታል። በ1970ዎቹ በጃማይካና በፍሎሪዳ የኢትዮጵያ ጽዮን ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ራሱን የሰየመ፣ ጋንጃን ቁርባን ያደረገ ቡድን ነበር፤ በስሙ ውስጥ የኢትዮጵያም የኮፕትም ስም አለ፤ እኛም ግብፃውያኑም አናውቀውም። በስማችን የሚነገደው ብዙ ነውና ስም አይተህ አትሽሽ፣ ስም አይተህም አትከተል።

የቀረው የመጀመሪያው ጥያቄህ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ምን በደለ? ምንም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 29 ዘር ያለው ቡቃያ ለሰው መብል መሰጠቱን ጠቅሰህ ነበር። እናትህ ለበዓል ነጠላ የምታነጻበትን እንዶድ ማን ፈጠረው? ጠጣው እንግዲያ። የጣና ዓሣ አጥማጆች ውኃ ውስጥ የሚበትኑትን፣ ዓሣውን የሚያደነዝዘውን ብርብራ ማን ፈጠረው? ለእያንዳንዱ ቦታው አለው፤ ጥበብ ማለትም ቦታውን ማወቅ ነው። ካናቢስም ቦታ እንዳለው አልክድህም፤ ከእርሱ የሚወጣ፣ ከማያሰክረው ክፍሉ የተሠራ መድኃኒት፣ በአሜሪካ በ2018 ሕፃናትን ለሚያሠቃይ ጽኑ የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። ሐኪም በሚሊግራም ለክቶ ለታመመ ሕፃን መስጠቱና ጤነኛ ሰው በየማታው ሳይለካ መሳቡ አንድ ነገር ይመስልሃል? ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 በመጠን እንድንኖርና እንድንነቃ ሲያዝዝ፣ የሚያድነንን አንበሳ አቅጣጫ እንድናውቅ ነው። ጉም ውስጥ ሆኖ አውሬ የሚጠብቅ እረኛ ይህን ያለ ትርጓሜ ያውቀዋል።

«አረቄስ?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በየንግሡ ማግሥት በየመንገዱ ወድቆ የሚያድረውን እያየን ለአንተ ብቻ ጣታችንን መቀሰራችን ግብዝነት ነው። አረቄም ማስታወስን ያፈርሳል፤ በዚህ ደግሞ ከጋንጃው ይልቅ ብዙ ቤት ፈርሷል። የአንዱ ሰው ስካር ግን ለሌላው ሰው ስካር ፈቃድ አይሆንም።

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አመራሮችም አንድ ቃል አለኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ፣ ያጨሰ ልጅ ከመዝሙር ክፍል ስሙ ይሰረዝ የሚል አሳብ መነሣቱን ሰምቻለሁ። ይህን አሳብ በሙሉ ኃይሌ እቃወማለሁ። የአገራችን ሕግ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አምራቹንም፣ ሻጩንም፣ ተጠቃሚውንም ይከስሳል፤ እስር ቤት አለ፤ ፖሊስ አለ። በራሱ ፈቃድ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «አጭሻለሁ» ያለን ልጅ የምንቀበለው እኛ ካልሆንን ማን ነው? ጠያቂውን ካባረርነው ቀሪዎቹ መጠየቃቸውን ያቆማሉ እንጂ ማጨሳቸውን አያቆሙም። ከበሮውን የነጠቅነው ልጅ የሚቀርለት ጓደኛ ማን እንደሚሆን አስቡ።

ወንድሜ ሆይ፣ አሁንም ለአንተ፤ ያው ዩጄል በ2016 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ሌላ ጥናት ለብዙ ዓመታት ካጨሱ በኋላ የተዉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በአማካይ ከሁለት ዓመት በላይ ከቅጠሉ የራቁት ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ፈጽሞ ካላጨሱት ሰዎች አልተለየም። ያጨስኸው ሁለት ዓመት ነው፤ ገና ሃያ አንድ ዓመትህ ነው። ለመተው ስትነሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይነሣሃል፣ ትቈጣለህ፣ ምግብ ያስጠላሃል፤ ይህ የተለመደ ነውና ያለፋል። ብቻህን አትያዘው። ለንስሐ አባትህ ንገር፤ የሚከብድህ ከሆነ በዩኒቨርሲቲህ ክሊኒክ ሐኪም አማክር፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ወደ ቁይ የምትመለስ ከሆነ፣ ከወላጆችህ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በመኪናው መንገድ ሳይሆን በልጅነት አቋራጭህ በእግርህ ና። ስልኩን ኪስህ ውስጥ አድርገው።

ያላሳመነህ ካለ ደግሞ ይዘኸው ና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ቦታ፣ ከአዳራሹ በስተደቡብ ባለው የወይራ ዛፍ ሥር ነኝ። በዚህ ጊዜ ዝም አልልህም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።